መኪና ቀለም ላይ የተሰካ የብረት ብናኝ እንዴት ይለቃል

መኪናውን በደንብ አጥባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ ቀጭን ፌስታል አድርጉና ቀለሙን ዳበስ ዳበስ አድርጉት፣ ከሻከራችሁ ብዙ ጊዜ ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የሚፈናጠር ብረት ነው፣ ትኩስ ሆኖ ስለሚያርፍ ክሊሩ (ቀለሙን የሚሸፍነው የላይኛው ግልጽ ቫርኒሽ) ላይ ይሰካና እዛው ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ጥቁር ላይ ግን በእጅ ካልሆነ አታገኙትም።

በጥፍር ወይ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቁት እባካችሁ!! ክሊሩ በጣም ስስ ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

አይረን ሪሙቨር የሚባል ስፕሬይ አለ፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቲዮግላይኮሌት የሚባል ኬሚካል ነው፣ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ይሆንና እንደ ደም ወደ ታች ይወርዳል፣ አትደንግጡ ቀለማችሁ አይደለም እየሰራ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ቦዲው ቀዝቅዞ እያለ ንፉት፣ ጓንት አድርጉ፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ስለሆነ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ጠርሙሱ ላይ ሌላ ሰዓት ከተጻፈ ግን እሱን ስሙ። ዋናው ነገር ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፣ ከደረቀ እድፍ ሊተው ይችላል።

አሁንም ከሻከረ ክሌይ ባር (ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ጭቃ) ውሰዱ፣ ማንሸራተቻ ፈሳሽ ሳትቆጥቡ እየረጫችሁ ሳትጫኑ በቀጥታ መስመር ሂዱ፣ ክሌዩን ቶሎ ቶሎ እያጣጠፋችሁ ንፁህ ገፁን አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፣ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ይጭረዋል። እኔ ሁሌም መጀመሪያ ኬሚካሉን የምለው ለዚህ ነው፣ ብረቱ ከቀነሰ ክሌዩ የሚጎትተው ነገር ትንሽ ይሆናል። በመጨረሻ ዋክስ ቀቡት፣ የነበረው መከላከያ አብሮ ተነስቷል።