ሦስት ታሪክ በአንድ ቆጣሪ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የሮክ ኮሜዲ እንዴት እንደሚሠራ

ደብረ ማርቆስ ላይ የሮክ ባንድ ነበረን። ባንድ ስል አንድ ሊድ ጊታር፣ ግማሹ ባልዲ የሆነ ድራምና ብዙ ፀጉር ማለቴ ነው። ባንዱ ፈረሰ። የተረፈን ሦስት አጫጭር ታሪኮች ያሉት የሠላሳ ደቂቃ አስቂኝ ፊልም ነው። እንዴት ሠራችሁት እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ይኸው።

ታሪኩን ሦስት ቦታ የከፈልነው ተራቅቀን አይደለም። ተዋናዮቻችን ተማሪዎችና ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። አንድን ሰው ያለ ክፍያ ሁለት ወር ማቆየት አይቻልም፤ ሦስት ቀን ግን ምሳ ከበላ ይቆያል። አንዱ በመሀል ቢጠፋ ደግሞ የሚበላሸው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። የኛ ጊታሪስት ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ ተላጭቶ መጣ። የቀረውን በኮፍያ ጨረስነው።

ሦስቱን የሚያያይዝ ነገር ግን የግድ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው «ሚስትሪ ትሬይን» ፊልሙ ያደረገውን እዩ። ሦስት ታሪክ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ሆቴል፤ ከተማው የሮክ ዘፋኙ የኤልቪስ ፕሪስሊ አገር ሜምፊስ። ከእንግዶቹ ሁለቱ ሮክ ያሳበዳቸው ጃፓናውያን ወጣቶች ናቸው። የሽጉጥ ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ የምናየው ግን በሦስተኛው ታሪክ ነው።

እኛ ሽጉጥ አላስፈለገንም። መብራት አለ። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ ነው። በየታሪኩ ነገሩ ሊደምቅ ሲል መብራት ድርግም ይላል። ሁሉም መብራት ኃይልን ይረግማል። በሦስተኛው ታሪክ ባንዱ ከሠርግ ቤት የተዋሰውን ሞንታርቦ ሲሰካ፣ በዚያው ቅጽበት አከራይዋ የእንጀራ ምጣድ ሲያበሩ እናያለን። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ጥፋተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ጽሑፉን በገጽ አንድ ደቂቃ ብላችሁ አስሉ፤ ለአንድ ታሪክ አሥር ገጽ ይበቃል። ቀልዱን ፀጉርና የተቀደደ ጂንስ ላይ አትጣሉት። እሱን ሰፈሩ በነፃ ይስቅበታል። የሚያስቀው ልጁ ሙዚቃውን ከልቡ መያዙ ነው። የመጀመሪያው ታሪካችን ላይ ዘፋኙ ክፍሉን ዘግቶ እንደ አንበሳ ማግሳት ይለማመዳል። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። ምንም አይሉም። ሄደው በሃይላንድ ፀበል ይዘው ይመጣሉ። እናትየው አይሳቅባቸውም፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። አገሩ ዋሸራና ዲማ ያሉበት ጎጃም ነው፤ ቅኔ ሳይገባበት ፊልም አይወጣም። ባንዱ ግጥም ሲያጣ ጎረቤት ያለውን የቅኔ ተማሪ ይለምናል። ልጁ ግዕዙን ትቶ ለነሱ ሲል ወደ አማርኛ ይወርድና ይህን ይሰጣቸዋል፦

ልቤ ከሁለት ላይ ተከፍሎ እያየሽ፣
ገና አልተከፈለም ብለሽ በሩን ዘጋሽ።

ዘፋኙ የፍቅር መስሎት ደም ሥሩ እስኪገተር ይጮኻል። ወርቁ የገባቸው በረንዳ ላይ ቡና የሚቆሉት አከራይ ብቻ ናቸው፤ የሦስት ወር ኪራይ አልተከፈለም። እዚህ ላይ ካሜራው ከፊታቸው አይነሳ። መቁላቱን ቀስ ብለው ሲያቆሙ እንይ።

አሁን ስለ ስልኩ፤ ፊልሙን የቀረጽነው በስልክ ነውና። አገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ሸምበቆ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ይህን ሳላውቅ ስልኩን እንዳለ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ትቼ አንድ ሙሉ ቀን ቀረጽኩ። ምስሉ ሁሉ ጥቁር መስመር እየተንቀሳቀሰበት ወጣ፤ ጣልነው። 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። በእጅ ማስተካከል የሚያስችል የካሜራ መተግበሪያ ጫኑ። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ አትርሱ፤ የኔ እናት ሁለት ጊዜ ደውላ ቀረጻ አቋርጣለች።

መብራት የሚጠፋበትን ትዕይንት ስትቀርጹ ኤክስፖዠሩን (ስልኩ የሚወስደውን የብርሃን መጠን) ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ስልኩ ጨለማውን አይቶ ራሱ ማብራት ይጀምራል፤ ድርግም ያለው ቀልድ ቀስ ብሎ የመሸ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሻማ አብሩ። ከካሜራው ውጪ ሌላ መብራት ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አግዙት፤ ሻማ ብቻውን ምስሉን አሸዋ ያደርገዋል።

ድምፅ ከምስል ይብሳል። ክረምት ላይ አትሞክሩት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሮክም አይሰማ። መስከረም ይጥባ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ስለዚህ ካሜራው ከማያየው ግድግዳ ላይ ጋቢ ስቀሉ፤ ሁለት ጋቢ ከሆነ የተሻለ። ሁለተኛ ስልክ በድምፅ መቅጃነት ከተዋናዩ አጠገብ ደብቁ። መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ድምፁንና ምስሉን በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ።

ዘፈኑን አስቀድማችሁ ቅረጹ፤ ትዕይንቱ ላይ በስፒከር እየተለቀቀ ልጆቹ ያስመስሉ። የራሳችሁ ዘፈን ይሁን። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀም በቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 ያስጠይቃል። ሙዚቃው አይክበዳችሁ። የሮክ ጊታር ሶሎ አብዛኛውን ጊዜ 5 ድምፅ ባለው ስኬል (በኛ ቅኝት) ይሄዳል፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም አምስት አምስት ናቸው። እኛ መሀል ላይ ማሲንቆ ጨመርን። አንድ ክር ብቻ ይዞ ጊታሩን በላው።

መንገድ ላይ ከቀረጻችሁ ለቀበሌ ቀድማችሁ ተናገሩ። ኤዲቲንግ ላይ የምለው አንድ ነው፦ ሳቁ ሳያልቅ ቁረጡ።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ለጓደኛ አታሳዩ፤ ጓደኛ ሁሉም ነገር ላይ ይስቃል። እኛ ግቢው ውስጥ አንሶላ ወጥረን (ነጠላ አይሆንም፣ ብርሃን ያሳልፋል) ለተከራዩ ሁሉ አሳየን። እናቶች ፀበሉ ላይ ሳቁ። የጊታሩ ሶሎ ላይ ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላጨበጨበ፤ ግማሹን ቆረጥነው። አከራያችን ዝም ብለው ቆይተው ግጥሙ ጋ ሲደርስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት በሩን አንኳኩተው ኪራይ ጠየቁን።