ጀልባ ላይ ትንሽ ሶላር እንዴት ይገጠማል?

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወደቡ ከተነሳችሁ በኋላ ግን ስልካችሁ ከሞተ ሞተ ነው። እኔም ገዳማቱን እየዞርኩ ጣና ላይ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ስጀምር ነው ሶላር የገዛሁት።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ባለ 5 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ቢበራ 20 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ስልክ ለመሙላት 15 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ባለ 50 ዋት ሶላርና 12 ቮልት ባለ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ አይጠብባችሁም። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ፣ ከዚያ በታች እያወረዳችሁት ዕድሜ የለውም። ኢንቨርተር ይቅርባችሁ። 12ቱን ወደ 220 አውጥቶ ለስልክ መልሶ ወደ 5 ማውረድ ብክነት ነው፤ ዩኤስቢ ያለው ኮንትሮለር፣ ማለትም ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ይበቃል።

ፈተናው ሶላሩን የት ማሰር ነው። የመጀመሪያ ቀን ጀልባው ጎን ላይ ወደ ፀሐይ አዘንብዬ አሰርኩት፣ ኮራሁም። ጀልባው ዞር ሲል ጥላ ውስጥ ገባ። ጣራው ላይ አወጣሁት። አሁን ደግሞ የባንዲራው እንጨት ጥላ አረፈበት፤ ጣት የምታክል ናት፣ «ይቺ ምን ታመጣለች» ብዬ ተውኳት። ማታ ባትሪው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ለካ ሴሎቹ የተያያዙት በተርታ ነው፣ አንዱ ሲጠለል ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል!

እና ጣራው ላይ በጀርባው አጋድሙት። እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጀልባውም ስለሚዞር ማዘንበሉ ብዙ አይጠቅምም። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ፤ ሶላር ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። አራቱንም ጥግ በገመድ ጥብቅ አድርጉ። ተሳፋሪዎቹንም አስጠንቅቁ። አንዲት እናት ያጠቡትን ነጠላ ዘርግተውበት ሳገኝ «ልጄ፣ ይሄ ትኩስ ነው፣ ቶሎ ያደርቃል» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሶላሩ ይገባል፤ ሲነቀል በተገላቢጦሽ። እኔ ተቻኩዬ ሶላሩን አስቀድሜ አንድ ኮንትሮለር አቃጥያለሁ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ ባትሪው ደግሞ ከቤንዚኑ ጀሪካን ይራቅ፤ ውሃ መሀል እሳት ቢነሳ የት ይኬዳል? መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሉ።

ክረምት ከሆነ ደመናው ስለማይገለጥ ፓወር ባንክ ከቤት ሞልታችሁ ውጡ።