ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ

ሦስት ሳምንት ያንገበገበኝ ነገር ትናንት ማታ ተፈታ። ሌላም ሰው እዚሁ ላይ እንዳይቸከል ብዬ ነው የምጽፈው።

የ1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ዝርግ ላይ የ200 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ በፊናይት ኤለመንት (ዕቃውን በኮምፒውተር ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች፣ ማለትም ኤለመንቶች፣ ከፍሎ በማስላት) እያስኬድኩ ነበር። በስስ ዝርግ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ አብሮ ይሄዳል። ኤስ ዜሮ የሚባለው ዝርጉን እየሳበና እየገፋ ይሮጣል፤ የሞገድ ርዝመቱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤ ዜሮ ደግሞ ነጠላ ሲያራግፉት እንደሚታየው ሽቅብ ቁልቁል እያጎበጠ ይሄዳል። የእሱ ርዝመት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኔ ኤ ዜሮ ግን በቀመር ከሚሰላው ጊዜ በጣም ቀድሞ ይደርሳል! መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአሉሚኒየሙን ቁጥሮች ነበር። በከንቱ።

ጥፋቱ ሜሹ፣ ማለትም የኤለመንቶቹ አከፋፈል፣ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ኤለመንት ለኤስ ዜሮ ይበቃል፤ ለኤ ዜሮ ግን በአንድ ሞገድ ሦስት ብቻ ነው የሚደርሰው። በውፍረቱ በኩልም አንድ ተራ ኤለመንት ብቻ ነበረኝ። እንዲህ ያለው ኤለመንት መጉበጥ አይወድም፤ ዝርጉን ያለ ልኩ ያደነድነዋል፤ ሞገዱም ይፈጥናል።

ኤለመንቱን 0.25 ሚሊ ሜትር አደረግኩት፤ በውፍረቱ አራት። ስሌቱ በአንዴ የሚራመደውን ጊዜም 0.02 ማይክሮ ሰከንድ። ላፕቶፔ እንዳይታነቅ ሙሉውን ዝርግ ትቼ ቁመታዊ ቁራጩን በሁለት ልኬት (በርዝመትና በውፍረት ብቻ) ሠራሁ። እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ውጤቱን በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤ ዜሮ በሰዓቱ ደረሰ። መብራቱም አልጠፋም፤ ጉድ ነው።