የድሮ እንግሊዝኛ ስታነቡ የሐዘን ቃላቱን ልብ በሉ

የድሮ እንግሊዝኛ መጻሕፍት የምታነቡ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። የሐዘን ቃላቱን በመልካቸው አትገምቱ።

«ዎቢጎን» የሚለውን ውሰዱ። «ዎ» ሐዘን ነው። «ቢጎን» ደግሞ ለዛሬ ጆሮ «ሂድ፣ ጥፋ» ይመስላል። ስለዚህ ሐዘኑ የለቀቀው ሰው ብሎ መረዳት ቀላል ነው። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። እዚህ ያለው «ቢጎን» ከጠፋ አሮጌ ግሥ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «የተከበበ» ነው። ሐዘን የከበበው፣ ፊቱ የጠቆረ ሰው ማለት ነው።

«ሳድ»ም ታሳስታለች። በሼክስፒር ዘመን ኮስታራ፣ ቁም ነገረኛ ማለትም ነበረች። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ስታነቡ ሰውየው አዝኗል ከማለታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ።

«ክሬስትፎለን» ግን በጣም ደስ ይለኛል፤ ቃሉ ራሱ ሥዕል ነው። አውራ ዶሮ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ዘንበል ሲል አስቡት። ቅስሙ የተሰበረ ሰው ነው። ይሄኛው ዛሬም ይሠራል።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ከቃሉ አጠገብ «አርኬይክ» (ጥንታዊ) ወይም «ዴትድ» (ጊዜው ያለፈበት) የሚል ካያችሁ ለንባብ ብቻ ያዙት። ለሥራ ኢሜይል ወይም ለለቅሶ መልእክት አይሆንም። ለለቅሶ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበቃል።