ላሊበላን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

በላስታ የሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገቡም፣ ዛሬም ታቦት ያለባቸውና ቅዳሴ የሚቀደስባቸው በመሆናቸው፣ ጎብኚው ቀኑን ማቀድ ያለበት በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እንጂ በትኬት መሸጫው ሰዓት አይደለም። እሑድ ቅዳሴ የሚገባው ሳይነጋ ስለሆነ፣ ካሜራን ማደሪያ ትቶ ነጠላ ለብሶ መሄድ ይሻላል፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ይቆማሉ። በጾም ወራት ግን ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚዘገይ፣ ከሰዓት በኋላ ለማየት ያሰበ ሰው ውጭ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ደብተራ ወይም ዲያቆን መጠየቅ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን መጀመሪያ ከላይ ማየት ይገባል። ከአለቱ ጋር እኩል የሆነው ጣሪያ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉት፤ ሥራው ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ መውረዱም ከዚያ ሲታይ ይገባል። ከዚያ በጠባቡ ቦይ ወርዶ ግቢው ሲደረስ፣ በግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ የሰዎች አፅም ይታያል። ብዙ ጎብኚ ስልኩን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ እኔ በበኩሌ እንደማንኛውም መቃብር አይቶ ማለፍን እመርጣለሁ።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ምንጣፉ ቁንጫ ስለማያጣ ወፍራም ካልሲ አይጠላም። ውስጡ ጨለማ ነውና ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ቆሞ መጠበቅ እንጂ ወዲያው ባትሪ ማብራት አያስፈልግም። በተለይ በቤተ ማርያም የጣሪያና የቅስት ሥዕሎች ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። መቅደስ የሚገባው ካህን ብቻ ሲሆን፣ ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ በር ላይ ከመከራከር አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል። ካህኑ መስቀል ይዞ ለፎቶ ሲቆም አስፈቅዶ ማንሣት፣ ስጦታውንም በእጁ ከማስጨበጥ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ መጨመር የተሻለ ነው።

የገና በዓል፣ የንጉሥ ላሊበላም ልደት የሚታሰብበት ታኅሣሥ 29፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ የሚያዜሙበት ዕለት ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሄድ ሰው ማደሪያውን ቀደም ብሎ ይያዝ። ሕንፃውን ተረጋግቶ ለማየት የሚፈልግ ግን ዝናቡ ያባራበትን ጥቅምትን ቢመርጥ ይሻለዋል።