ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት ነህምያን አንብቡ

ለብዙ ዓመታት በዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ደብተር እየገዛሁ ዕቅዴን እጽፍ ነበር። ከእነዚያ አንዱን በቅርቡ አውጥቼ አየሁት። 17 ነጥብ አለው፦ «በጸሎት መበርታት»፣ «መጽሐፍ ቅዱስን መጨረስ»፣ «ክብደት መቀነስ»፣ «ወንድሜን ይቅር ማለት»... ከ17ቱ አንዱም አልተፈጸመም። ምኞቴን ሁሉ ደርድሬ ከላይ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብዬበታለሁ፤ ማኅተም የመታሁበት ይመስል።

አሁን ደብተር ከመክፈቴ በፊት የመጽሐፈ ነህምያን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች አነባለሁ። ነህምያ ነቢይም ካህንም አልነበረም፤ በሱሳ ከተማ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ ሲነግሩት ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ጉዳዩን ለንጉሡ እስኪያነሣ ድረስ በአይሁድ አቆጣጠር ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር አራት ወር ያህል አልፏል።

ስለዚህ «ምን እፈልጋለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና የሚከብዳችሁን ነገር ፈልጉ። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፦ ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ፣ በጸሎቱ መካከል ሐሳቤ የሸሸበትን ነገር በአንድ መስመር ጻፍኩ። ሐሳብ መበተኑን እንደ ድካም ብቻ እቆጥረው ነበር፤ ለካ የሚጠቁመው ነገር አለ። ከሰባቱ መስመሮች አምስቱ ስለ ወንድሜ ነበሩ። ስለ ክብደቴ አንድም አልነበረም።

ቀጥሎ ስሌት ይመጣል። ንጉሡ «መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ነህምያ ጊዜ ቆርጦ ነገረው፤ የዱር ጠባቂው አሳፍ እንጨት እንዲሰጠው የሚያዝ ደብዳቤም ለመነ። ማልቀሱ ከማስላት አላገደውም። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ። ይህ ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ከሥራው በፊት ፍርስራሹን በዓይኑ አይቷል።

እኔም የራሴን ፍርስራሽ አየሁ። ባለ 66 መጻሕፍቱ መጽሐፍ ቅዱስ 1,189 ምዕራፎች አሉት። በአንድ ዓመት ለመጨረስ በቀን ከሦስት ምዕራፍ በላይ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ጠዋት ጠዋት በእውነት የማነብበውን ስቆጥር አንድ ምዕራፍ ነው። በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይፈጃል። እንዲያ ብዬ ጻፍኩት፤ በአንድ ዓመት ጨርስ ብሎ ያዘዘኝ የለም። የጀመርኩትም ከማርቆስ ነው፣ 16 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ።

አስቸጋሪው የወንድሜ ነገር ነበር። «ይቅር ማለት» በየትኛው ቀን ይደረጋል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ወንድምህ የተቀየመብህ እንደ ሆነ ትዝ ካለህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል። ደግሜ ሳነብበው «ሂድ» የምትለው ቃል ያዘችኝ፤ እግር የሚታዘዘው ነገር ናት። ስለዚህ የድሮውን መስመር ሰርዤ «እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ መደወል» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም እያንዳንዱን ዕቅድ በዚህ መዝኑት፦ ቀን አለው? በእኔ እጅ ያለ ሥራ ነው? መደወል የእኔ ነው፤ ማንሣት የእሱ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ስልኩን ይዤ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ደወልኩ። አራት ደቂቃ አወራን፣ ሁሉም ስለ ጉልበቱ ሕመም። ደብተሬ ላይ ምልክት አደረግሁ።

ዕቅዳችሁን ለአንድ ታማኝ ሰው ንገሩ፤ ለአሥር ሰው የነገርነው ነገር የተሠራ መስሎ ይሰማናል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ደብተሩን ገልጣችሁ የሚቀጥለውን፣ የሚያንሰውን፣ የሚተወውን ለዩ። የሚተው ነገር ሲኖር አትደንግጡ። ጳውሎስ በታናሽ እስያ ወዳለችው ቢታንያ ሊሄድ ሞክሮ ተከልክሏል፤ በጢሮአዳ ራእይ አይቶ ወደ መቄዶንያ ተሻገረ። ያም ሆኖ ማቀዱን አልተወም፤ በኋላ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ወደ እስጳንያ (ስፔን) ለመሄድ እንዳሰበ ይናገራል። ያዕቆብም በመልእክቱ «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ሲል የነቀፈው በነገ መመካትን ነው፤ ለነገ ማሰብን አይመስለኝም።

ከወንድሜ ጋር አሁንም እሑድ እሑድ እናወራለን። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ልጆቹ። ያጣላን የውርስ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተነሣም። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቀኑን ገና አልሞላሁበትም።