የእናትን ወይም የአያትን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጽፋለን?

የእምዬን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት በአንድ ሌሊት ነው። ውጭ ድንኳን ይተከላል፣ ጓዳ ንፍሮ ይቀቀላል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ በል ጻፍ» ተባልኩ። በማግስቱ ከፍትሐቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተነበበ። በእኔ ወረቀት ስሌት እምዬ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በአሥር ዓመቷ ነው። አባባ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ «ኧረ በስመ አብ!» አለ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

ከተቻለ ባለታሪኳ በሕይወት እያለች ቡና ላይ ጠይቋት። ስልክም ይቀዳል፤ ግን ከረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡት፣ የሲኒው ድምፅ ወሬውን ይውጠዋል። እኔ ደብተር ይሻለኛል። ካረፈች ደግሞ ለቅሶ የመጡትን እህቶቿን፣ የቡና ጓደኞቿን፣ የጽዋ ማኅበርተኞቿን ያዙ። ልጆቿ የሚያውቋት እናት ከሆነች በኋላ ነው።

ዋናው ጣጣ የልደት ዘመን ነው። እኔ ፓስፖርቷ ላይ 1937 የሚል አገኘሁና «ዓ.ም.» ጨምሬበት ጻፍኩ። የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ አላልኩም። የእኛ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በ8 ያንሳል። ስለዚህ ያ 1937 ወይ 1929 ነው፣ ወይ 1930። የትኛው?

ለዚህ ትልልቅ ሰው ያስፈልጋል። እነሱ የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በሆነው ነገር ነው። የእምዬ ታላቅ እህት «ጣሊያን ጎንደርን ሲለቅ አራት ዓመቷ ነበር፤ አዝያት ሸሽቻለሁ» አሉኝ። እዚህ ጋ ሌላ ወጥመድ አለ። ጣሊያን መቼ ወጣ ሲባል ሁሉም 1933 ይላል። ያ የአዲስ አበባው ነው፣ ሚያዝያ 27። ጎንደር ላይ የነበረው ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። አራት ሲቀነስ 1930።

ቀኑን ደግሞ ክርስትናዋ ይነግራችኋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እምዬ ክርስትና የተነሳችው በኅዳር ጽዮን ነው፤ ስሟም ወለተ ጽዮን። ከኅዳር 21 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ መስከረም 1 ላይ ታርፋላችሁ። የእንቁጣጣሽ ልጅ ናት! ማናችንም አናውቅም ነበር። ክርስትናው ዘግይቶ ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ጠይቁ።

ልጆቿን በትውልድ ቅደም ተከተል ጻፉ። በሕፃንነቱ ያረፈ ካለም ቁጠሩት፣ እናት ትቆጥረዋለችና። የልጅ ልጆች በቁጥር ይበቃሉ። የሁሉም ስም ከተጠራ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ይጉላላል።

«ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን ተዉት። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ስም ብቻ የሚቀየርበት የተዘጋጀ ጽሑፍ አላቸው፤ እሱንም ተዉት። ይልቅ እሷ ብቻ የምታደርገውን አንድ ነገር ፈልጉ። እምዬ በከተራ ማታ ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርድ በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ትቋጥራለች። ለእኛ አይደለም፤ እዚያ ለሚያድሩ ለማታውቃቸው ልጆች ነው። እኛ ስንለምናት «እናንተ ቤት አላችሁ» ትለናለች። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ለቀስተኛው እንባውም ሳቁም አንድ ላይ መጣ።

ቤት ውስጥ «አንቺ» ብትሏትም ወረቀቱ ላይ «ተወለዱ፣ ተዳሩ» በሉ። ከአንድ ገጽ አትለፉ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን። አንባቢው ጎረቤት ወይም የሩቅ ዘመድ ቢሆን ይሻላል፤ ልጅ ካነበበ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። የክርስትና ስሟን ከላይ ጻፉት፤ በየሙት ዓመቱ ቄሱ ሲጠይቁ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል።

ከተሳሳታችሁ ደግሞ አርባ ቀን አላችሁ። እኔ አርሜ ለተዝካሩ አነበብኩት። «መስከረም 1 ቀን 1930 ዓ.ም.» ስል አባባ እጁን አነሳ። እሱ የተወለደው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው።

«ቆይ፣ ትበልጠኛለች ማለት ነው?» አለ።